የሦስት ቀን ውሰት

ዓርብ ማታ አመጣልኝ፣ እንድሪስ፣ ከዱባይ ሲመለስ፣
በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ እንቁላል፣ እንዳይሰበር፣ እንዳይፈስ።
«ሰኞ ጠዋት እወስደዋለሁ፣ ገዢ አለው አዲስ አበባ፤
ካማረህ ደግሞ አብሽር፣ በዋጋው እንግባባ።»

እኔ ደሴ፣ ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፣ ፎቶ ቤት አለኝ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሰውን «ቀና በል» ስል የኖርኩ ነኝ።
የድሮዋ ካሜራዬ አርጅታ መዝጊያዋ ያስላታል፤
ሙሽራ ፊት ቀጥ ትላለች፣ ላቤ በጆሮዬ ይወርዳል።
መቀየር አለባት። ብሩ ለአንድ ይበቃል፣ ለሁለት አይሆንም፤
ወይ ፉል ፍሬም ነው፣ ወይ ሚዲየም ፎርማት፤ መሃል መንገድ የለም።
ልዩነቱ ብርሃን የሚያርፍባት ገበታ ናት፤ የአንዱ ሰፋ ያለች፣
የሌላው ጠበብ ብትልም፣ እንደ ባቲ ገበያ ደላላ የነቃች።

ቅዳሜ፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱ ላይ ተኝቶ፣
ጋሽ ይብሬ፣ ልብስ ሰፊው፣ በረንዳቸው ላይ፣ መነጽራቸው ተንሸራቶ፣
አንድ ጊዜ ተጫንኩት። ድምፁ የሣጥን ክዳን ነው፣ ቀስ ያለ፣ ከባድ።
ምስሉን ሳሰፋው፣ ሳሰፋው፣ አለቀ አይልም፤ መንገድ ነው፣ መንገድ።
የክሩ ጫፍ፣ የመርፌው ዓይን፣ ጥፍራቸው ሥር ያለች የጠመኔ ብናኝ፣
የግራ ቅንድባቸው ጠባሳ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ያልታየኝ፤
ከጉንጫቸው የሚወርደው ጥላ ደረጃ የለው፣ ስንጥቅ የለው፣
አገጫቸው ሥር ገብቶ እንደ ወተት የሚፈሰው።
አትሜ ሰጠኋቸው፣ ክንድ ከስንዝር፤ ራቅ አርገው አዩት፣ ቀረብ፤
«የቤቴ መስታወት ይቅር ባይ ነበር፤ ይሄስ ዳኛ ነው፣ ዕድሜ የሚያነብ።»

እሁድ ኮምቦልቻ፣ የሀያት ሰርግ፤ ሐረጎን ወርጄ፣ ኮቴን አውልቄ፣
ያን ግዙፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሰው መሃል ተጨናንቄ።
አባቷ አቶ አራጌ ባለ ከባድ መኪና ናቸው፤ ድንጋይ ይሏቸዋል፤
እናታቸውን ሲቀብሩ እንኳ አላለቀሱም ይባላል።
ልጅቷ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል አገጫቸው ተንቀጠቀጠ።
አየሁ። ወላሂ አየሁ።
ካሜራው ግን ፈለገ፣ ፈለገ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ አማጠ።
ሲያገኛቸው ይስቃሉ። እጃቸው ላይ መሐረብ ነበር፤
እሱ ነው የተረፈኝ፦ መቶ ሚሊዮን ነጥብ ያለው መሐረብ፣ ክሩ የሚቆጠር።
እንባው የለበትም።

አጠገቤ የሐይቁ ልጅ ፈንታው ባሮጌ ፉል ፍሬሙ ጠ-ጠ-ጠ አድርጎ ወሰደው፤
ጥላው ትንሽ ሻካራ፣ ቀለሙ ትንሽ ደብዛዛ፤ እንባው ግን ጉንጫቸው ላይ ነው።

ማታ ሰዓዳ ደብተር ይዛ «ሌንሱስ? ባትሪውስ? ኮምፒውተሩስ?» ብላ ጠየቀች፤
አንዷን ምስል ስከፍት ኮምፒውተሬ ሲያቃስት ሰምታ፣
«ሐረጎን የሚወጣ የተጫነ አይሱዙ ነው» ብላ ሳቀች።
«በዓመት ስንት ሰርግ አለህ?» «ሠላሳ።»
«ክንድ ከስንዝር የሚያሳትምህስ?» «አንድ።»
«እሱም በነፃ» አለችና መብራቱን አጠፋች።

ሰኞ ማለዳ ነገሩን ለጋሽ ይብሬ ዘረገፍኩላቸው፤
መርፌውን ከከንፈራቸው አወጡ፣ ሜትሩ ባንገታቸው፦
«ጨርቁ ሰፊ ነው ተብሎ ልጁ አይረዝምም፣ ልጄ፤
በገላ ልክ ነው የሚቀደደው፤ ስንቱን አበላሽቻለሁ በእጄ።»

እውነታቸውን ነው። ለፉል ፍሬሙ ቀብድ ላክሁ፣ በስልኬ፣ እዚያው ቆሜ።
እንድሪስ እስኪደርስ ግን ያን ምስል ከፈትኩት፣ ለስንብት፣ ለገዛ ሕመሜ።
አሰፋሁ። መነጽራቸው ውስጥ ገባሁ። አሰፋሁ። እዚያ ነኝ፣
ጎባጣ፣ ትንሽ፣ ካሜራው ላይ የተደፋሁ፤ ከኋላዬ ፒያሳ፣ ጉሙ እንደ ተኛ፤
በጉሙ መሃል አንዲት ሴት፣ ማን እንደሆነች አላውቅም፣
ጃንጥላ ዘርግታ ልትሻገር አንድ እግሯን አንስታለች፤ አላወረደችውም።

ስልኬ ይጮሃል። እንድሪስ ነው፣ ደረጃው ጋ ደርሷል።
«መጣሁ» አልኩት። ያ ፎጣ የት ገባ?
የሴትየዋ እግር አሁንም አየር ላይ ነው።